ውለታ የማትረሳው ቹንቾን

የአዲስ አበባ እህት ከተማ የሆነችውን የደቡብ ኮሪያዋን ቹንቾን ሳስብ ልቤ በኩራት ይሞላል። በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ ጀግኖች እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በጋንግዎን ተራሮች ለኮሪያ ተዋድቀዋል፤ ቹንቾን የዚያው ክፍለ ሀገር መዲና ናት። በከተማዋ በ1968 በጎንግጂቾን ወንዝ ዳር የመታሰቢያ ሐውልት ሲቆምላቸው አፄ ኃይለ ሥላሴ በምረቃው ላይ ተገኙ። በዚያው ዓመት «የኢትዮጵያ ቤት» የተባለ ካፌ አጠገቡ ተከፍቶ ያገራችንን ቡና ለኮሪያውያን አቀረበ። በ2007 ደግሞ ጣሪያው ጎጆ ቤቶቻችንን የሚመስል የመታሰቢያ አዳራሽ ተጨመረ። ለባህል ልውውጥ ወደ ቹንቾን የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ልዑክ ታሪኩን ቀድሞት ያገኘዋል። የእህትማማች ከተሞች ወዳጅነት እንዲህ ሲሆን ያምራል፤ እንግዳው ተሸኝቶም የከተማው ሰው ውለታውን ለልጆቹ ያስተምራል። ቹንቾን ሆይ፣ ክበሪልን!