ዣክ ለምን ዋሸ?

በድራማዎቻችን ውስጥ የምትገባውን የቤት ሠራተኛ ሳታውቋት አትቀሩም። ሻሿን አስራ፣ መጥረጊያ ይዛ ብቅ ትላለች። አንድ ቃል አጣምማ ስትናገር አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። ከዚያ ትወጣለች። ንስሐ የሚገባው የቤቱ ልጅ ነው፤ የምታለቅሰው እናቱ ናት። እሷ ከዚያ በኋላ የት እንደ ደረሰች ማንም አይጠይቅም። እኔም እንዲህ ያሉ ሁለት ድራማዎች ጽፌያለሁ፤ ስለዚህ የማወራው ከዳር ቆሜ አይደለም። ዛሬ ግን ስለ አንድ አሠሪና እርስ በርስ ስለሚናከሱ ሠራተኞቹ የተጻፈ የቆየ ኮሜዲ ላጫውታችሁ። ሳቁ ከማን ላይ እንደሚመጣ አብራችሁኝ ተመልከቱ።

ተውኔቱ «ንፉጉ» ይባላል። ፈረንሳዊው ሞልየር በ1668 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ለመድረክ አበቃው። ባለ ገንዘቡን ሽማግሌ ሃርፓጎንን የተጫወተው ራሱ ሞልየር ነበር፤ ያስቸግረው የነበረውን ሳል ሳይቀር ለገጸ ባሕርዩ ሰጥቶታል። ሃርፓጎን 10,000 ኤኩ የሞላበት ሣጥን በአትክልት ቦታው ቀብሮ፣ ቀን ከሌት የሚሰርቀውን ሰው ሲጠብቅ ይኖራል።

እኔ ከሁሉ የምወደው የሦስተኛውን ገቢር መጀመሪያ ነው። ሃርፓጎን የራት ግብዣ አለበትና ሠራተኞቹን ሰብስቦ ያዛል። ቤት የምታጸዳዋ ዕቃው እንዳያልቅ ጠንክራ አትወልውል። ወይን የሚቀዱት እንግዳው ደጋግሞ ካልጠየቀ አይቅዱ፤ ውኃም ያብዙበት። ከአሳላፊዎቹ የአንዱ ልብስ ፊት ለፊቱ በመብራት ዘይት ተበላሽቷል፤ የሌላው ሱሪ ከኋላው ተቀዷል። ጌታቸው አዲስ ልብስ መግዛት አልታየውም። አንዱ ቆቡን ደረቱ ላይ ይዞ ያሳልፍ፣ ሌላው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቁም ይላል። እዚህ ላይ የምንስቀው በቀዳዳው ሱሪ አይደለም፤ ቀዳዳውን በግድግዳ ሊደፍን በሚሞክረው ሰው ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ እኔ ግን በሁለቱ ድራማዎቼ ውስጥ አጥቼዋለሁ።

ዣክ በዚህ ቤት ወጥ ቤትም ሰረገላ ነጂም ነው። ሃርፓጎን ሲጠራው፣ «የትኛውን ነው የፈለጉት?» ይልና እንደ መልሱ ልብሱን ይቀይራል። በሁለት ሰው ሥራ የአንድ ሰው እንጀራ ይበላል ማለት ነው። ያንኑም ቢሆን ከራሱ አፍ ቀንሶ ለፈረሶቹ ያካፍላል፤ በረሃብ መቆም አቅቷቸዋልና። ጌታውንም ይወዳል። ከፈረሶቹ ቀጥሎ እንደ እርሱ የምወደው የለም ይላል፤ እንዲህ ብሎ ደፍሮ የሚናገር ሠራተኛ በስንት ቤት ይገኛል?

ታዲያ ሃርፓጎን፣ ሰዎች ስለ እኔ ምን ይላሉ ብሎ ይጠይቀዋል። ዣክ እንዳይቆጡ ይፈራል። አልቆጣም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል ይለዋል። ዣክም ይዘረግፈዋል፦ ቤተሰቡን በማስጾም ለመጠቀም የጾም ቀኖች እጥፍ የሆኑበት የራስዎን የቀን መቁጠሪያ ያሳትማሉ ይላሉ፤ የስጦታ ሰሞን ሲደርስ ላለመስጠት ከሠራተኞችዎ ጋር ጠብ ይፈልጋሉ ይላሉ፤ የፈረሶችዎን አጃ በሌሊት ሲሰርቁ ተይዘዋል ይላሉ። (ኢሳይያስ 58ን የምታውቁ በቀን መቁጠሪያው ላይ ሳቃችሁ ትንሽ ያንቃችኋል።) የእውነቱ ዋጋ ዱላ ሆነ።

ይህን ሳነብ ፊቴ ቀላ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከማስተምራቸው ወጣቶች አንዱን ስለ ትምህርቴ በግልጽ እንዲነግረኝ ለመንሁት። ትምህርቱ እንደሚረዝምና ጥያቄ ስንጠይቅዎ ይቆጣሉ አለኝ። አመሰገንሁት። በሚቀጥለው ወር የፕሮግራም መሪዎችን ስመድብ ስሙን ዘለልሁት። ዱላ አላነሳሁም፤ እርሱ ግን ከዚያ ወዲያ ስለ ትምህርቴ ስጠይቀው፣ «በጣም ጥሩ ነበር» ብቻ ነው የሚለኝ።

ወደ ዣክ እንመለስ። ቫሌር የሚባለው የቤቱ አዛዥ በዣክ መመታት ይስቃል። ቫሌር ጌታውን በማሞገስ የተሾመ ነው፤ የሽማግሌውን ልጅ ስለሚወድ ማንነቱን ደብቆ ገብቷል። ዣክ ይቆጣል። ቫሌር ትሕትና ሲያሳየው የፈራው መስሎት እየገፋ ያስፈራራዋል፤ ቫሌር ዞር ብሎ እርሱም ይደበድበዋል። ሞልየር ድሃውን መልአክ አላደረገውም። ዣክ ከላይ የተቀበለውን ዱላ ለጎረቤቱ ሊያስተላልፍ ሲል ነው የወደቀው። ከዚያ በኋላ እውነት መናገር በቃኝ ብሎ ይምላል።

ሣጥኑ ሲጠፋ መሐላው ሥራ ላይ ይውላል። የወሰደው የሃርፓጎን ልጅ አሽከር ላፍሌሽ ሆኖ ሳለ፣ ዣክ ቂሙን ለመወጣት ቫሌርን ይከሳል። ሣጥኑ ምን ዓይነት ነው ሲባል፣ ትልቅ ነው ይላል። የእኔ ትንሽ ነው ሲሉት፣ አዎ በዚያ በኩል ካዩት ትንሽ ነው። ቀለሙን ቀይ ይለዋል፤ ግራጫ ነው ሲሉት፣ ግራጫ ቀይ ማለቴ ነው። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ይውጠዋል። እውነቱን የነገረውን ደበደበ፤ ደስ የሚለውን ውሸት ራሱ እየመራ ያስተካክልለታል። በሳቅ እንባዬ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

የተውኔቱ ድካም መጨረሻው ላይ ይታያል። ጠፍተው የነበሩ አባትና ልጆች ባንድ ጊዜ ይገናኛሉ፤ ቋጠሮው ሁሉ በአጋጣሚ ይፈታል። ሞልየር ታሪኩን ከሮማዊው ፕላውቱስ ሲዋስ፣ እንዲህ ያለውን የጥንት ኮሜዲ አጨራረስም ያመጣ ይመስለኛል። ሃርፓጎንም አይለወጥም፤ እየሮጠ ወደ ሣጥኑ ይሄዳል። አንዳንዶቻችሁ ንስሐ ባለመግባቱ ታዝኑ ይሆናል። እኔ ግን ሞልየር በዚህ አላሞኘንም እላለሁ፤ በድራማዎቻችን የመጨረሻ አምስት ደቂቃ ንስሐ የሚገቡት ሰዎች ብዙ ጊዜ አላሳመኑኝም።

ከመጋረጃው በፊት ክሱን የመዘገበው ሹም ሂሳቡን ይጠይቃል። ሃርፓጎን ሳንቲም አያወጣም፤ ዣክን አሳይቶ፣ በሂሳቡ ፈንታ ይህን ሰው ውሰድና ስቀለው ይለዋል። ዣክ ግራ ይገባዋል። እውነት ስናገር ዱላ፣ ስዋሽ ገመድ፤ ታዲያ ምን ላድርግ ብሎ ይጠይቃል። ሽማግሌው አይመልስለትም።