ኬዝ ጸሐፊው ዮናስ

ሀይሌ ጋርመንት ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ የዲናው መንግሥቱን ሁለተኛ ልብ ወለድ በማነብበት ሰዓት፣ ከጎኔ የነበረ ጎልማሳ በስልክ «ኬዝሽ ከምን ደረሰ?» ሲል ሰማሁት። ኬዝ ማለት ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያሻም። ባሕር ማዶ የተሻገረ ዘመድ ጥገኝነት ሲጠይቅ «ለምን ተሰደድክ?» ለሚሉት ሰዎች የሚያቀርበው ታሪክ ነው። በእጄ የነበረው መጽሐፍም፣ ቢያንስ ምርጡ ክፍሉ፣ ስለዚሁ ነው።

ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የተወሰደ ሲሆን የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። «ሃው ቱ ሪድ ዘ ኤር» የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ባለታሪኩ ዮናስ ወልደማርያም ኒውዮርክ ውስጥ ስደተኞችን በሚረዳ ድርጅት ተቀጥሮ የጥገኝነት ጠያቂዎችን ቃል ያርማል። እርማቱ ታዲያ ሰዋስው በማቃናት አያበቃም፤ የሳሳውን ታሪክ ያደልበዋል፣ ያልነበረ መከራ ይጨምርበታል። እሱ ራሱ አሜሪካ የተወለደ ነው።

በፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡትን ራፖር ጸሐፊዎች ያየ አንባቢ ዮናስን ወዲያው ያውቀዋል። ባለጉዳይ እያለቀሰ፣ ፊቱን ከኋላው እያደባለቀ የተናገረውን ጸሐፊው ወደ ወጉ ይመልሰዋል። ያለዚያ እጅ የድኃ አቤቱታ ከመዝገብ ቤት ደጅ አያልፍም። ዲናው ይህን አሳምሮ ተረድቶታል። ቢሮው የሚፈልገው የመከራ ዓይነት አለ፤ ሰውየው የደረሰበት መከራ በዚያ ልክ ካልተሰፋ ሰሚ አያገኝም።

ቅር ያሰኘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዮናስ መምህር ሲሆን አባቱ በሱዳን በኩል ያመለጠበትን ታሪክ ከራሱ እየፈጠረ ለተማሪዎቹ ይተርካል። ትረካው ውብ ነው፤ ደራሲውም ፈጠራን የልጅ ናፍቆት አድርጎ ይቅር ይለዋል። መቼስ፣ ክፍል ውስጥ ይቅር ቢባል ምን ገዶን? የቢሮው ፈጠራ ግን ሌላ ነው። ማስረጃ አሟልቶ የሚሰደድ ጥቂት ነውና ብዙ ጊዜ ቃሉ ራሱ ማስረጃው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የአሜሪካ «ሪል አይዲ» ሕግ ደግሞ ዳኛው ከጉዳዩ ፍሬ ነገር ጋር ባይገናኝ እንኳ በቃልና በጽሑፍ መካከል ያገኘውን አለመጣጣም ቆጥሮ አመልካቹን ላለማመን መንገድ ሰጥቶታል። ዮናስ ያሳመራት አንዲት መስመር ችሎት ላይ ብትመረመር የሚባረረው ዮናስ አይደለም። እውነተኛ በደል የደረሰበትም ሰው በተጨመረለት ውሸት ሊወድቅ ይችላል። ልብ ወለዱ ከዮናስ ትዳርና ከወላጆቹ ጉዞ ጋር ሲነጉድ፣ እነዚያ ፎርሙ ላይ የፈረሙት ሰዎች ቶሎ ከዓይናችን ይጠፋሉ። እኔ ይበልጥ ላውቃቸው የፈለግሁት እነሱን ነበር።

ጎልማሳው ሒሳቡን ከፍሎ ሲነሳም ስልኩን አልዘጋም። «የሆነውን ብቻ ተናገሪ፤ ቀኑን ደግሞ እንዳትስቺ» ይላል።