«ይታሰርልኝ» እና «ይክፈለኝ»

የእኛ ሰው ሲበደል የሚያውቀው በር አንድ ነው፤ ፖሊስ ጣቢያ። ገንዘቡን የተካደውም፣ አጥሩ የተገፋበትም፣ ልጁ በመኪና የተገጨበትም እዚያው ይሄድና «ይታሰርልኝ!» ይላል። «ይክፈለኝ» የሚለው ቃል የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ አንዳንዴም ጊዜው ካለፈ በኋላ።

ሕጉ ግን ሁለት በር አለው። አንደኛው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ተበዳዩ ራሱ ከሳሽ ሆኖ ይካሳል። ሁለተኛው ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ነው፤ እዚያ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ተበዳዩ በአብዛኛው ምስክር ነው። አንዱ የጎደለውን ይሞላል፣ ሌላው ያጠፋውን ይቀጣል።

እስቲ ነገሩን በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ወደተጠቃለሉት ሦስት የአዲስ አበባ ጎረቤቶች እናውርደው።

ቡራዩ ላይ አንዱ ለጎረቤቱ መቶ ሺህ ብር አበደረ እንበል። ቀኑ ሲደርስ ተበዳሪው «የለኝም» አለ። አበዳሪው የሚያውቀው ፖሊስ ካለ፣ ተበዳሪው ጣቢያ ያድርና ሲነጋ ወንድሞቹ ብር አዋጥተው ይመጣሉ። «ነገሩ አለቀ» እንላለን። እኔ ግን ይህን ሰውን መያዣ ማድረግ ነው የምለው። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን፣ የውል ግዴታውን መወጣት ስላቃተው ብቻ ማንም አይታሰርም ይላል። ያው ሰው በቂ ስንቅ እንደሌለው እያወቀ ቼክ ቆርጦ ከሰጠ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 ይጠብቀዋል። ዕዳው ያው ዕዳ ነው፣ ወንጀል ያደረገው ቼኩ ነው።

ሰበታ እንውረድ። በጅማ መንገድ ላይ አይሱዙ ልጅ ገጨ እንበል። ሾፌሩ ታሰረ፣ ሰፈሩ ተረጋጋ። የልጁን እግር ማን ያሳክመው? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የመኪናውን ባለንብረት ተጠያቂ ያደርጋል፤ መሪውን የጨበጠው ሌላ ሰው ቢሆንም። ነገር ግን የካሣው ክስ በሁለት ዓመት በይርጋ ይታገዳል፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ካልሆነ በቀር። ሾፌሩ በነፃ ቢለቀቅስ? ቁጥር 2149 የካሣውን ዳኛ በዚያ ፍርድ አትታሰር ይለዋል። አሜሪካኖችም ኦ ጄ ሲምፕሰንን በ1988 ዓ.ም. ከግድያ ክስ በነፃ ካሰናበቱት በኋላ በ1989 ዓ.ም. ካሣ ክፈል ብለው ፈርደውበታል። ለማሰር የሚጠየቀው ማስረጃ ለማስከፈል ከሚጠየቀው ይከብዳልና።

ሱሉልታ ላይ ደግሞ ገዢው ሦስት ምስክር የፈረመበት የመሬት ሽያጭ ወረቀት ይዟል። ሻጩ ያንኑ መሬት ለሌላም ሸጦታል። ይህ ማታለል ከሆነ ወንጀል ነው፤ ሻጩ ሊታሰር ይችላል። ይሁንና ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስላለ፣ ገዢው በፍትሐ ብሔር ችሎት «መሬቴን አስረክበኝ» ብሎ አይረታም። ቢበዛ የከፈለውን ይጠይቃል፤ ያውም ሻጩ ካልበላው። በ2015 ዓ.ም. በእነዚህ ከተሞች «ሕገ ወጥ» የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ ያየ ሰው የዚያን ወረቀት ዋጋ ያውቀዋል።

እንግዲህ ሕዝቡ በር የሚሳሳተው ስላልተማረ ብቻ ነው? አይመስለኝም። ፖሊስ ጣቢያ በነፃ ይገባል። የፍትሐ ብሔር ክስ ግን የዳኝነት ገንዘብ አለበት፣ ማመልከቻ ጸሐፊ አለበት፣ ቀጠሮ አለበት፣ ከተረቱም በኋላ አፈጻጸም የሚባል ሌላ ዳገት አለበት። «በደሃ ደንብ» ሳይከፍሉ መክሰስ እንደሚቻል ስንቱ ሰምቷል? ጉዳት የደረሰበት ሰው በራሱ በወንጀሉ ችሎት ካሣ መጠየቅ እንደሚችልስ ማን ነግሮት ያውቃል?

ስለዚህ ወቀሳዬ በቅድሚያ ለበረኞቹ ነው። «ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም፣ ፍርድ ቤት ሂድ» የሚል ፖሊስ ቢኖረን፣ ያ የተላከውም ሰው ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚያስተናግደው ቢያገኝ፣ በእስር የሚሰበሰብ ዕዳም፣ ካሣ ሳያገኝ የሚያነክስ ልጅም ባነሱ ነበር። ባላጋራን ማሰር አንጀት ያርሳል። የሐኪም ቤት ሒሳብ ግን አይከፍልም።