በልክ የተተወ ክፍተት

በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ የምትገኘው ሮማን-ሱር-ኢዜር በጫማ ሥራ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። ዛሬ ደግሞ የኒውክሌር ማብላያ ነዳጅ ይሠራባታል። ከዚህ ዓይነት ፋብሪካ የሚወጣው ጥቁር የዩራኒየም እንክብል ወርዱ 8 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ ከ1 ሴንቲሜትር እምብዛም የማያልፍ፣ ክብደቱ 7 ግራም ገደማ ነው። ኃይሉ ግን ከአንድ ቶን የድንጋይ ከሰል ጋር ይቀራረባል። በዚህ እንክብል ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ሠሪዎቹ አስልተው የተዉለትን ባዶ ቦታ ነው።

ንጹሕ ዩራኒየም በ1,132 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ግን ከ2,800 ዲግሪ በላይ የሚጸና ሴራሚክ ይወጣዋል። ስለዚህ ዩራኒየም 235 ከ3 እስከ 5 በመቶ እንዲሆን የበለጸገው የኦክሳይድ ዱቄት በቅርጽ ማውጫ ይጨመቅና ሃይድሮጅን ባለበት ምድጃ በ1,700 ዲግሪ ገደማ ይተኮሳል። ተኩሱ ሙሉ በሙሉ ድፍን አያደርገውም፤ 5 በመቶ ያህሉ ሆን ተብሎ የቀረ ጥቃቅን ቀዳዳ ነው።

በማብላያው ውስጥ የዩራኒየሙ አቶም ሲሰነጠቅ ከሚወለዱት መካከል ዜኖንና ክሪፕቶን የተባሉ ጋዞች አሉ። እንክብሉ ቀስ በቀስ ያብጣል፤ ቀዳዳዎቹ የዚህ እብጠት ማረፊያ ናቸው። መሃሉ ከዳሩ በብዙ መቶ ዲግሪ ስለሚግል ይበልጥ ይለጠጣል። ለዚህም ሁለቱ ጫፎች በስሱ ጎድጎድ ይላሉ፤ ጠርዛቸውም እንክብሎቹ የሚደረደሩበትን ቱቦ እንዳይጫን ሹልነቱ ይነሣል።

ከተኩሱ በኋላ የእንክብሉ ዙሪያ በመሞረጃ ይስተካከላል። የሚፈቀድለት መዛነፍ የሚሊሜትር መቶኛ ያህል ነው፤ በእንክብሉና በዚርኮኒየሙ ቱቦ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከ0.1 ሚሊሜትር ያንሳልና። ክፍተቱ ከሰፋ ሙቀቱ በቱቦው ዙሪያ ወዳለው ውሃ በወጉ አይሻገርም፤ ከጠበበ ያበጠው እንክብል ቱቦውን ያስጨንቀዋል። ሙቀት በደንብ የሚያሳልፈው ሂሊየም ይሞላበታል። ከላይ ያለው ሞላ እንክብሎቹን ደግፎ ይይዛል፤ እዚያም ለሚያመልጠው ጋዝ ባዶ ቦታ ተትቷል። በመጨረሻ ቱቦው በብየዳ ታሽጎ የነዳጅ ዘንግ ይሆናል። በ17 በ17 አቀማመጥ እንዲህ ያሉ 264 ዘንጎች አንድ የነዳጅ ጥቅል ይሆናሉ።

ስለ ኒውክሌር ኃይል ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ግዙፉ ግንብ ነው። እኔ ግን የሙያው ልክ በእንክብሉ ይታየኛል። ኃይሉን የሚሰጠው ዩራኒየሙ ነው፤ ያ ኃይል ለዓመታት ቱቦውን ሳይቀድ እንዲወጣ ያስቻለው ግን የሚመጣውን እብጠት አስቀድሞ አስቦ ስፍራ ያዘጋጀለት ባለሙያ ነው።