«ቀለም» እና «ኅብር» በቆዳ ዕጢ ምርመራ ቃላት

ስለ ቆዳ ዕጢ ምርመራ ወደ አማርኛ በሚመለሱ ጽሑፎች ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን «ቀለም» የሚለው ቃል ነው።

ከዕጢው የተወሰደው ናሙና በፓራፊን ሰም ከተያዘ በኋላ ውፍረቱ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን እስኪሆን በስሱ ይቆረጣል። እንዲህ የሳሳ ኅብረ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት መልክ የለሽ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሔማቶክሲሊን አስኳሉን ሰማያዊ፣ ኢዮሲን ዙሪያውን ሮዝ ያደርጉታል። ተርጓሚዎች ይህን «ቀለም መያዝ» ይሉታል፤ የቆዳችንን ተፈጥሯዊ ሜላኒንም እንዲሁ «ቀለም» ይሉታል።

ችግሩ የሚከፋው በሜላኖማ ነው፤ ይህ ነቀርሳ በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ በብዛት የሚወጣው በውስጥ እግር ነው። ዕጢውን ከሌላው ለመለየት ኤስ-100ን ወይም ሜላን-ኤን ፈልጎ የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመራል፤ የተጣበቀበትንም ስፍራ ዲኤቢ የተባለው ንጥረ ነገር ቡናማ ያደርገዋል። ሜላኒንም ቡናማ ነው! ስለዚህ ባለሙያዎቹ አንዳንድ ጊዜ ሜላኒኑን አስቀድመው ያነጣሉ፣ ወይም በቡናማው ፋንታ ቀይ ይመርጣሉ። እነርሱ በብልሃት የለዩትን ተርጓሚው በአንድ ቃል መልሶ ይቀላቅለዋል። «ሕዋሶቹ ቀለም አላቸው» የሚል የምርመራ ውጤት ምን ማለት ነው? ሜላኒን አዝለዋል ወይስ ፀረ እንግዳ አካሉ ተጣብቆባቸዋል? ገዳዩ ሜላኖማ ያለ ሜላኒን ሊገኝ፣ ጉዳት የሌለው እባጭም በሜላኒን ሊጠቁር ስለሚችል ስሕተቱ ለበሽተኛው ቀላል አይደለም።

«ቀለም»ን ትቶ «ኅብር»ን መውሰድ ይሻላል የሚል አሳብ ይሰነዘር ይሆናል። እኛ አንደግፈውም። በጎጃም፣ በቅኔ ትምህርት ስሟ በታወቀው በደብረ ኤልያስ፣ ኅብር ማለት አንድ ቃል ሁለት ፍች ይዞ የሚገባበት የቅኔ መንገድ ነው። ከዚያ ጉባኤ የወጣ አንባቢ «ኅብረ ሕዋስ» የሚለውን አይቶ «የሕዋሳት አንድነት ነው ወይስ የሕዋስ መልክ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ቃሉ አስቀድሞ በዚህ ተይዟል።

«መንከር» ለአለላ የሚስማማ መልካም ቃል ነው፤ ዳሩ ግን ናሙናው ፎርማሊን ውስጥም ይነከራል። ስለዚህ ሥራው «ማቅለም»፣ ንጥረ ነገሩ «ማቅለሚያ»፣ ውጤቱ «የተቀለመ ሕዋስ» ቢባል፣ ሌላው «ሜላኒን ያዘለ ሕዋስ» ተብሎ ቢለይ እንመርጣለን። «ባለቀለም ሕዋስ» የሚለው ግን ከምርመራ ወረቀት ይውጣ። ጤነኛውንም አካል በሽታውንም የሚጠራው «ዕጢ» ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።