ወጣቱ ሐኪምና የገጠር መምህራኑ

ሩሲያዊው ደራሲ ሚኻኢል ቡልጋኮቭ አስቀድሞ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1916 ከኪየቭ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በዚያው ዓመት በስሞሌንስክ ክፍለ ሀገር፣ ኒኮልስኮዬ በተባለች መንደር ሆስፒታል ተመደበ። ይህንኑ ትዝታ መነሻ በማድረግ እ.ኤ.አ. በ1925 እና በ1926 ያሳተማቸውና «የአንድ ወጣት ሐኪም ማስታወሻዎች» በሚል የሚታወቁት ታሪኮች፣ አብዛኞቹ የወጡት በአንድ የሕክምና ሠራተኞች መጽሔት ላይ ነው።

ታሪኮቹ ብዙውን ጊዜ የሚወደሱት ስለ ወጣቱ ሐኪም ድፍረት ነው። በጥሞና ለሚያነባቸው ግን ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው፤ በማዕረግ ከተመረቀ 48 ቀን ብቻ የሆነው ይህ ሐኪም ሥራውን የሚማረው ከአዋላጆቹና ከረዳቱ ነው። ጽንሷ በማሕፀኗ ውስጥ አግድም የተኛባት ወላድ በመጣች ሌሊት፣ ሲጋራ ረሳሁ ብሎ ወደ መኖሪያው ይሮጥና የማዋለድ መጽሐፉን ይገልጣል፤ ያነበበው ግን በአእምሮው ይምታታበታል። እጁን ሲታጠብ አዋላጇ አና ኒኮላዬቭና የቀድሞው ሐኪም ጽንስን እንዴት ያዞር እንደነበር ታወጋዋለች። ያ የ10 ደቂቃ ወግ ለፈተና ካነበበው ሁሉ ይበልጥ ጠቀመው። ሕፃኑ በሕይወት ከተወለደ በኋላ ያንኑ መጽሐፍ ቢገልጥ፣ ጨለማ የነበረው ሁሉ ወለል ብሎ ታየው።

ለባልደረቦቹ ይህን ያህል ጆሮ የሰጠው ሐኪም ለሕመምተኞቹ ግን አልሰጠም። የገጠሩ ሕዝብ በአብዛኛው የድንቁርና ምሳሌ ሆኖ ቀርቧል። በወባ የታመመው ባለ ወፍጮ 10 መጠን ኩዊኒን በአንድ ጊዜ ሲውጥ፣ ታሪኩ የሚወቅሰው የሕዝቡን አለማወቅ ነው። ሰውየው አነጋገሩ ያማረ ስለ ነበር ሐኪሙ ትእዛዙ የገባው መሰለው፤ መልእክቱ በትክክል መድረሱን የማረጋገጥ ኃላፊነት የማን እንደ ነበር ግን ደራሲው አይጠይቅም።

ይህ ጉድለት ለኢትዮጵያ ሐኪሞች ሥልጠናም ቁም ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ተማሪዎችን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ ያሠለጥን ነበር። ተማሪ ብቻውን ከሕዝብ መካከል በመጣሉ የሕዝቡን ችግር ይረዳል ማለት አይደለም።

ወደ ገጠር ለመውጣት የሚዘጋጅ የሕክምና ተማሪ መጽሐፉን ቢያነብ ይጠቀማል። ከልምድ ባለቤቶች መማር እንደማያሳፍር ከባለታሪኩ ይረዳል፤ በሽተኛው የተነገረውን እንዴት እንደተረዳው መጠየቅን ግን መምህሩ አብሮት ቆሞ ሊያስተምረው ይገባል።