የኮሶ ወግና ሣቁ

በአማርኛ የበሽታውም የመድኃኒቱም ስም አንድ ነው። ከጥሬ ሥጋ ጋር ሆድ የገባው ትል ኮሶ፣ ትሉን የሚያስወጣው የዛፍ አበባም ኮሶ ይባላል። ቁርጥ ወዳዱ «ኮሶ ታየብኝ» ብሎ ኮሶ ይጠጣል። ዛፉ በኬንያ ተራራም ይበቅላል፤ ቀልዱ ግን ቋንቋ አይሻገርም። ተርጓሚው ሁለት ቃል ከተጠቀመ ሣቁ ይጠፋል፤ በአንዱ ከተወሰነ ደግሞ አንባቢው ይደናገራል።

የኮሶ ወግ ጥንካሬ በበላተኛው ላይ መሣቁ ነው። ትናንት ጮማ ሲያማርጥ ያመሸው ጌታ ዛሬ ማልዶ፣ በባዶ ሆዱ፣ ተወቅጦ በውሃ የተበጠበጠውን አበባ ፊቱን አጨማዶ ይጨልጣል። በሩ ይዘጋል፤ እንግዳም «ጌቶች ኮሶ ጠጥተዋል» ተብሎ ይመለሳል። ለአበዳሪም ለአማላጅም የሚበቃ መልስ ነበር። ምሬቱ ሹምና ሎሌ አይለይምና ቀልዱ ማንንም አያዋርድም።

ከወጎቹ ሁሉ ዝነኛው ግን ከዚህ ይለያል። በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት ካሳ፣ ገና በሽፍትነት ሳሉ ደጃዝማች ወንድይራድ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ፎከሩባቸው። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ባላቸው ከሞቱ በኋላ በችግር ኮሶ ሸጠዋል ይባል ነበርና። ደጃዝማቹ ተማርከው ሲቀርቡ ካሳ ከገበያ ሳይሸጥ የተረፈ ነው በሚል ፌዝ ኮሶ አጠጧቸው። ተራኪው እዚህ ላይ ያቆማል፤ አድማጩም ይሥቃል። አጸፋው በእርግጥም ግሩም ነው።

ሆኖም አጸፋው ስድቡን አልሻረም። ኮሶ መሸጥ ነውር መሆኑን ሰዳቢውም ተሰዳቢውም ተስማምተውበታል፤ የተለወጠው ጽዋውን የሚይዘው እጅ ብቻ ነው። መድኃኒቱ እኮ የዋዛ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ሳይቀሩ ተቀብለውታል። ከልኩ ካለፈም ይመርዛል። ሥጋ ሲቆርጡ የኖሩት መኳንንትም ያለ ኮሶ አይከርሙም ነበር፤ የናቁት ንግድ ደንበኞች ራሳቸው ናቸው።

ትውልድ የተቀባበለው ይህ ወግ ለፎካሪውም ለድል አድራጊውም ቃል ሰጥቷል። ወይዘሮ አትጠገብ ግን ስማቸው ይነሣል እንጂ አንድ ቃል አይናገሩም። ስለ ኮሶ ገዢዎች ቢጠየቁ ብዙ የሚሉት ሳይኖራቸው አይቀርም ነበር።